ፕሮፌሰሯ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ

እስራኤል መጥተን ቤርሼባ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ በየማክሰኞው የአንዲት ፕሮፌሰር ቤት አጸዳ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራሉ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን እታች ደረጃው ድረስ ይሰማል። የሚኖሩት ለብቻቸው ነው። ጎረቤታቸው "ምስኪን፣ ሰው የላትም" ስትል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን እንደዚያ ሰው የሚበዛበት ቤት አላየሁም። ሶፋው ሲሞላ ተማሪዎቻቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንድ ወንድ የሴት ልጅ ንግግር ካቋረጠ፣ ፕሮፌሰሯ ጣታቸውን ብድግ አድርገው "አልጨረሰችም" ይላሉ። በቃ። እሱም ዝም ይላል።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ጎንደር፣ ከአራተኛ ክፍል ነው። እናቴ ስትታመም ታናናሾቼን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ይህን የነገርኳቸው መጽሐፎቻቸውን ስወለውል ነው። "ከእነዚህ ውስጥ ሴቶች የጻፏቸው የትኞቹ እንደሆኑ ታውቂያለሽ?" ሲሉኝ፣ ማንበብ እንደሚከብደኝ ማስረዳት ነበረብኝ። አልሳቁብኝም፤ ከንፈራቸውንም አልመጠጡልኝም። ወንበር ስበው ስለራሳቸው አወሩኝ። ቱኒዝያ ልጅ ሳሉ አባታቸው "ብዙ ያነበበች ልጅ ባል አታገኝም" ይሏቸው ነበር።

"አገኘሁ እኮ" አሉ እየሳቁ። "ግን ሳነብ መብራት ያጠፋብኝ ነበር። እሱን ተውኩት፤ ማንበቡን ግን አልተውኩም።"

ከዚያ በኋላ አንድ ማክሰኞ፣ መስኮት እያጸዳሁ፣ "ሰፈራችሁ ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል፣ በማትናሱ፣ ለሴቶች የማታ ትምህርት ሊጀመር ነው" አሉኝ። "አስተማሪዋ የእኔ ተማሪ ነበረች። አንድ ቦታ ቀርቷታል፤ እስከ ሐሙስ ትጠብቃለች። ትፈልጊያለሽ?"

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን "አይ፣ ይቅር፣ አላስቸግርዎትም" አለ። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ይባላል። ጠያቂውም ይህን ያውቃል፤ "በሞቴ" ይላል፣ ይጎተጉታል፣ በሦስተኛው እሺ ይባላል። ፕሮፌሰሯ ግን "ቤሴደር"፣ እሺ፣ ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። የጸዳውን መስኮት ደግሜ ወለወልኩት። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

"ደግመው አልጠየቁሽም?"

"አልጠየቁም።"

"ኧረ! ያን ያህል የተማሩ ሴት፣ ሰው መለመን አያውቁም?"

ከውትድርና ለእረፍት የመጣው ወንድሜ በሳቅ ሞተ። "እማዬ፣ እዚህ አገር ሎ ካልሽ ሎ ነው፤ አይ ማለት አይ ነው። አልፈልግም አለች፣ እሳቸውም ተዉአት።"

"አንተ አፍህን ያዝ" አለችው እናቴ። ቆየት ብላ ግን ወደ እኔ ዞረች። "ነገ ሄደሽ ንገሪያቸው። ቦታው ለሌላ ሳይሰጥ።"

ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ እንደሚውሉ አውቅ ነበር። ከሰፈራችን ከሽኩና ኣሌፍ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ፤ ጥበቃውን ጠይቄ ክፍሉን አገኘሁት። በሩ ክፍት ነው። በፈረንሳይኛ እያስተማሩ ነበር። ሲያዩኝ አቆሙ።

"ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?"

ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። መሬት መሬት እያየሁ "እፈልጋለሁ" አልኩ።

"ምኑን?"

"ትምህርቱን።"

"አልፈልግም ብለሽኝ አልነበር?"

"እኛ ዘንድ በሦስተኛው ነው እንጂ መጀመሪያ እሺ አይባልም። ነውር ነው። ደግመው እስኪጠይቁኝ እየጠበቅሁ ነበር።"

ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

"ሴት አይሆንም ካለች አይሆንም ነው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ወንዶችን ስጨቀጭቅ ኖርኩ" አሉ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው። "ለትምህርት ሲሆን ግን የጎንደርን ሴት ሦስቴ መጠየቅ እንዳለብኝ ማን ይንገረኝ!"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድ ተማሪ "ታዲያ እኛ የትኛውን እንመን?" ቢል፣ "አንተ የመጀመሪያውን!" አሉት። እኔም ሳቅሁ።

ስልካቸውን አውጥተው አስተማሪዋ ጋ ደወሉ። እሳቸው የሚነግሩልኝ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

"የሚማረው ማን ነው? አንቺ ንገሪያት" አሉ።

ተቀበልኳቸው። የማን ቤት እንደምሠራና ትምህርቱን እንደምፈልግ ነገርኳት።

"ቦታው አልተያዘም" አለች አስተማሪዋ። "ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኩ።

ፕሮፌሰሯ ስልካቸውን ተቀበሉኝና ፈረንሳይኛቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።