የጠወለገው ሳማ

ከሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል ጀርባ፣ የሞቀው ውሃ ከቱቦው ወጥቶ ወደ ቦዩ በሚወርድበት፣ ሳማ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል። አትክልተኛው ባጨደው ቁጥር ብሶበት ይመለሳል። በመጨረሻ ሰውዬው እጁን የሰጠው ግን ለሳማው ሳይሆን ለእመት ሳማ ነው። "ንካውና እንተያያለን!" አለችው። እሱም ሰላሙን የሚወድ ሰው ስለሆነ ማጭዱን ይዞ ወደ ጽጌረዳዎቹ ሄደ።

እመት ሳማ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ አብረዋት አንሶላ የሚተኩሱት ሴቶች የለጠፉባት ነው። እሷም አልጠላችውም። ፀጉሯ የሚረግፍባት ብታማክራት፣ "ቅጠሉን ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ እጠቢበት" ትላለች። ወልዳ ደም የፈሰሳት ካለች፣ ለጋ ለጋውን በመቀስ ቆርጣ ሾርባ ውስጥ ትጨምርና በፔርሙዝ ታደርስላታለች። ሽንት ለሚያቃጥለው አድርቃ እንደ ሻይ ታፈላለታለች። ወገቡን፣ ትከሻውን ወይም ጉልበቱን ለያዘው ግን ትኩስ ሳማ በባዶ ቆዳ ላይ ቸብ ቸብ ነው። "መጀመሪያ ትረግመኛለህ፤ ቀጥለህ ትመርቀኛለህ" ትላለች። ይህን ሁሉ ከእናቷ ነው የወረሰችው። እናቷ ሌላ የተወችላት ነገር ስለሌለ፣ ሳማ አይሠራም ማለት እሷ ዘንድ እናቷን መስደብ ነበር። ከታከሙት አንዳንዶቹ እውነትም ቀሎአቸዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለይሉኝታ ሲሉ ቀለለን ብለዋል። እሷ ሁለቱን ለይታ አታውቅም።

ዋናው ምስክሯ ባሏ ነበር። ባሏ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የኖረው ቀኝ ጉልበቱ ያስቸግረዋል። እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ሻዩን ከጠጣ በኋላ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ይሰበስብና እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ማየት አይወድም። እሷ የሥራ ቦታዋን የጎማ ጓንት አጥልቃ ከጉልበቱ እስከ እግሩ ጣት ትወርድበታለች። "ወይኔ! ገደለችኝ! የሰው ያለህ!" እያለ ሲጮህ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ከላይ ያለችው ጎረቤት ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ደብደብ አድርጋ፣ "እትዬ፣ በርቺ!" ትላለች። ሲያበቃ ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ይልና፣ "እጅሽ ይባረክ፤ እግሬን አዲስ አደረግሽው" ይላል። ሰኞ ሰኞ እመት ሳማ አንሶላ እያጠፈች የምታወራው ይህንኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሳማውን ለቅማ በፌስታል ቋጠረችና የመተኮሻው ማሽን አጠገብ አስቀመጠችው። የዕለቱ ሥራ በዝቶባት ውሎ ሳታየው አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። እሁድ ጠዋት ፌስታሉን ስትፈታው፣ ሳማው በእንፋሎቱ ተቀቅሎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ጠበቃት። የጠወለገ ሳማ ሕፃን ቢጨብጠው እንኳ አይለበልብም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ለማንኛውም ብላ በባዶ እጇ ጨመቅ አደረገችው። ምንም የለውም።

ባሏ ግን እግሩን ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ እየጠበቀ ነው። ተንኮል መጣባት። በዚሁ ልምታውና ግራ ሲገባው ልሳቅበት አለች። ጉልበቱን ትታ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቸብ አደረገችው።

"ወይኔ! ገደለችኝ!" አለ።

ከላይ መጥረጊያው ተንኳኳ። እሷም ሳቋ አመለጣት። አስመሳይ! ብላ የእግሩ ጣቶች ላይ ደገመችው። "የሰው ያለህ!" አለ፤ ድምፁ ልክ እንደ ወትሮው ነበር። ያን ጊዜ ሳቋ ጠፋ። ሳማውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አኖረችና ትንሿን ጣቱን በጥፍሯ ቆነጠጠችው፤ በደንብ አድርጋ። ባሏ መስኮቱን እያየ ዝም አለ። የቅጠሉ ድምፅ ስላልተሰማው ጩኸቱም አልመጣም።

እግሩን አንሥታ ገለበጠችው። ይህን ሁሉ እሁድ የላዩን ስትመታ ሥሩን አይታው አታውቅም። ተረከዙ ላይ የጫማ ሚስማር የበሳው ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ?" አለ፤ የእውነቱን ነበር።

"ሳትዞር ንገረኝ፤ አሁን ምንህን ነው የያዝኩት?"

"አውራ ጣቴን።"

የያዘችው ተረከዙን ነበር።

እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ክረምቱ ሳይገባ መሰለኝ። መጀመሪያ መደንዘዝ ብቻ ነበር። በኋላ ካልሲዬን አውልቄ እንኳ ያላወለቅኩ ይመስለኝ ጀመር።"

"ፍሬኑንስ? መርገጥህን እንዴት ታውቃለህ?"

"አውቶብሱ ሲቆም አውቃለሁ" አለ።

ጠዋት ጠዋት በዚያ አውቶብስ የሚሳፈሩት ተማሪዎች፣ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የሚቆሙት፣ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። "የማይቆም ቀንስ?" አለችው።

"ምን ላድርግ ታዲያ? ከመሪው ያንሡኝ? ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?"

"እሺ ለእነሱ አትንገር። ለእኔስ? እኔ ምን አደረግኩህ?"

"ልነግርሽ ነበር እኮ። አንድ ቀን የሥራ ጓደኞችሽ እኔ መሆኔን ሳያውቁ ተሳፍረው፣ 'የእመት ሳማ ባል እግሩ አዲስ ሆነ አሉ' ሲባባሉ ሰማኋቸው። ደግሞ ያን ማታ እንዴት ደስ ብሎሽ እንደገባሽ። ምን ብዬ ነው አልዳንኩም የምልሽ?"

ተናደደችበት። ከንዴቷ ሥር ግን ሀፍረት ነበር፤ እሱም ይበልጥ አቃጠላት። ምስጋናውን እየሰበሰበች እግሩን ሳታይ መኖሯን አሁን ነው ያወቀችው።

ሰኞ ጠዋት ባሏ ሲነሣ ቀኝ ጫማው የለም። የአልጋውን ሥር፣ የቁምሳጥኑን ጀርባ ፈተሸ። ጫማው እሱ ሳይነቃ በሚስቱ ቦርሳ ወደ ሥራ ሄዷል።

እመት ሳማ ጫማውን ከታጠፉት አንሶላዎች አጠገብ አስቀምጣ፣ ከማሽን ጠጋኙ በተዋሰችው ጉጠት ሚስማሩን ነቀለች። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። "አንድ እግር ጫማ ብቻውን ምን ሊሆን መጣ?" አለች አንዷ። ሌላዋም እንደ ሰኞ ልማዷ፣ "ባልሽስ? እግሩ እንዴት ሆነ?" አለቻት።

"አልዳነም" አለች እመት ሳማ። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። "አልዳነም፤ እኔ ነኝ ያላየሁለት።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደባትም። እሷ ግን ከውጭ አውቶብስ ባለፈ ቁጥር ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች። ሰውዬው ግትር ነው፤ በባዶ እግሩም ቢሆን ወጥቶ ይነዳል ብላ ፈርታለች። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና ባሏ ገባ፤ በግራ እግሩ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ በቀኙ የሻወር ነጠላ ጫማ አድርጎ።

"ጫማዬን ስጪኝ።"

"አልሰጥህም!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም ፊት በነጠላ ጫማ ልቁም? የአውቶብሱን ቁልፍ ለአለቃው አስረክቤ ነው የመጣሁት።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ንጹሕ ጨርቅ አጠገቧ አድርጋ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ምርመራው ስኳር ነው አለ። ነርሷ ዓይኑን አስጨፍና በቀጭን የናይለን ክር እግሩን እየነካካች፣ "ሲሰማዎት ይንገሩኝ" አለችው። ሚስቱ ክሩ ጣቱን ሲነካ፣ መሐል እግሩን ሲነካ፣ ተረከዙን ሲነካ አየች። ባሏ አልጮኸም፤ አላስመሰለም። "ኧረ ምንም አልተሰማኝም" አለ። ሐኪሙ እግሩን መግረፍም ሆነ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ከለከለ፤ በየቀኑ ገልብጣችሁ እዩት አለ። ስለ ጉልበቱ ስትጠይቀው፣ "ቁስል ከሌለው እዚያ ላይ አልከለክልም" አላት።

አሁን ባሏ አይነዳም። አውቶብስ መናኸሪያው ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ የሌሎችን ሹፌሮች መውጫ ሰዓት በማይክሮፎን ይጠራል። አውቶብስ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ባዶውን ወለል ይረግጣል። ከፍቶት የሚገባበት ቀን አለ፤ ያን ቀን እሷ ሻዩን ታቀርብለታለች።

እሁድ ጠዋት አሁንም እግሩን በርጩማው ላይ ይዘረጋል። እሷ ለብ ያለውን ውሃ በክንዷ ለክታ ታጥበዋለች፤ በጣቶቹ መሐል ታደርቃለች፤ ገልብጣ ታያለች። ከዚያ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ እሷም ድምፅ ሳታሰማ በጣቷ ትነካዋለች።

"አሁን?"

"ምንም።"

"አሁንስ?"

"ምንም።"

ያን ጊዜ ጓንቷን ታጠልቅና ትኩሱን ሳማ ከፌስታሉ አውጥታ ጉልበቱን ቸብ ታደርገዋለች። "ወይኔ! ገደለችኝ!" ብሎ ይጮሃል። ከላይ መጥረጊያው ይንኳኳል። እሷም ታምነዋለች።