የፋናዬ ድንኳኖች

ፋናዬ ከኢትዮጵያ ድንበሩን ተሻግራ ኬንያ ሞያሌ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አገር ሲታመስ፣ በእግሯ ነበር። እዚያው ቀረች፣ እዚያው ወለደች። ዛሬ ከናይሮቢ ሀዋሳ የሚመላለስ ሾፌር የጭነት ሸራው ሲቀደድበት የሚፈልገው እሷን ነው። እሷ የሰፋችው ሸራ ሌላ ቦታ ይቀደድ እንደሆነ እንጂ በስፌቱ በኩል አይከፈትም።

በሚያዝያ ዝናቡ አላባራ አለ። ከድንበሩ ማዶ በኢትዮጵያ በኩል፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የነበረ ወንዝ በአንድ ቀን ሞልቶ መንደሩን ጠራርጎ ወሰደው። ሰዉ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ተረፈ፤ ቤቱና ከብቱ ግን ሄደ።

እዚያው አጠገብ ቡቲዬ በሚባል መንደር ፍየል የሚያረባው ሽማግሌ ሁካ ወሬውን እንደሰማ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ከተፍ አለ።

«ፋናዬ፣ በድርቁ ጊዜ የእኛ ከብት የበላው የማን ድርቆሽ ነበር?»

«የእነሱ ነዋ፣ ኦቦ ሁካ። በመኪና ጭነው ልከውልን።»

«እንግዲህ ዛሬ እነሱ ሜዳ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው ነው። እህሉን ሌሎች እየሰበሰቡ ነው። መጠለያ ግን…» አለና ዓይኑን የሸራ ክምሯ ላይ ጣለ።

ፋናዬ በዕድሜዋ ድንኳን ሰፍታ አታውቅም። ያም ሆኖ «ሸራ አምጡልኝ» አለች።

መጀመሪያ የሰጠው ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ኬንያዊ ሾፌር፣ ኬቨን ነው። «ማማ፣ አርጅቷል፤ ውሃ ግን አያስገባም» አለና አሮጌ ሸራውን ደጇ ላይ ዘረገፈው። ያን ያዩ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮችም የየራሳቸውን እየጎተቱ መጡ።

የመጀመሪያው ድንኳን አላማረም። በባልዲ ውሃ ብታፈስበት መሐሉ ረግቦ እንደ ኩሬ ቋጠረ። ተርትራ ጣራውን አሾለችው፤ እንደገና አፈሰሰችበት። አሁን ውሃው በሁለቱም ጎን ወረደ። በአምስተኛው ቀን አሥራ አንድ ድንኳን ቆመላት።

ፋናዬና ሁካ በኬቨን መኪና ጭነው ሄዱ። ለገበያ ማዶ ወዳለው የኢትዮጵያ ሞያሌ ብዙ ጊዜ ተሻግራለች፤ ከከተማው አልፋ ግን ከስደቷ ወዲህ ረግጣ አታውቅም። ኬላው ላይ ጠባቂው «ምን ጭናችኋል?» ሲል ቀና አለች።

«ቤት» አለችው።

ጠባቂው ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየና ገመዱን አወረደላቸው።

ድንኳኖቹ በተተከሉበት ቀን ከሰዓት ነፋስና ዝናብ አንድ ላይ መጣ። ፋናዬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች ስፌቷን በእጇ ዳበሰች። አንዱም አላፈሰሰ። ዳዶ የሚባሉ አሮጊት፣ የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው የተቀመጡ፣ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ እያስኬዱ በኦሮምኛ «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ» አሉ።

«እጁ ይኸውላችሁ!» ብሎ ሁካ የፋናዬን እጅ ብድግ አደረገው። በመርፌ የተበሳሳ፣ መዳፉ የሻከረ እጅ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እሷን እያየ «የኬንያ እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን» አላት። የዚሁ አገር ልጅ መሆኗን ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ምኑን ታርመዋለች? ከሠላሳ ዓመት በላይ ያኖረቻት አገር ናት። በዚያች ሰዓት የሁለት አገር ልጅ መሆን ሸክም ሳይሆን ሞገስ ሆኖ ተሰማት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰዉ አዲስ ቤት ሠራ። ከዚያው መንደር ጃለቱ የምትባል ሴት ተሻግራ መጥታ፣ ሙያውን ከፋናዬ ተምራ ሄደች። አሁን ማዶ ሸራ ትሰፋለች። አንዳንድ ሾፌር ፋናዬን ሊያበሽቃት «የዚያችኛዋ ስፌት ይበልጣል» ይላታል።

«ይብለጣ!» ትላለች ፋናዬ፣ ፊቷ በርቶ። «ማን አስተማራትና!»