ጎኑ የተጎተተው ፎቶ

ማኅሌት የተለጠጠ ፎቶ ማየት አትችልም። ላሊበላ ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው ኮፒ ቤታችን እኔ ኮፒ አደርጋለሁ፣ እሷ ስላይድ ትሠራለች። አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ሰው፣ መምህሩ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። "ጥጉን ይዛችሁ ጎትቱ። ጎኑን ከጎተታችሁ ሰውየው ይወፍራል፣ ከላይ ከጎተታችሁት ደግሞ ይቀጥናል" ትላቸዋለች። የጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ አምጥተው ግድግዳ ሙሉ አድርጊልን ሲሏት፣ "ፊቱ ይደበዝዛል፤ ዋናውን በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩልኝ" ብላ ትመልሳቸዋለች። እኔም ደንበኛ ልታባርሪብን ነው እያልኩ እነዘንዛታለሁ። ድሮ "አንቺ ወረቀትሽን አስገቢ ባንችይርጋ" ብላ ትስቅብኝ ነበር።

ባሏ ኢያቄም ከሞተ ወዲህ አትስቅም። አታለቅስምም። ትመጣለች፣ ኮምፒዩተሩን ትከፍታለች፣ ብይ ሲሏት ትበላለች። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንባ አልወጣትም፤ ሰፈሩም አፉን ከፈተባት። ደንዝዛ እንጂ ጨክና አይደለም እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጣላሁ። እሷን ስጠይቃት "ምንም አይሰማኝም ባንችዬ፣ ምን ላድርግ" አለችኝ።

ኢያቄም አስጎብኚ ነበር። ሕመሙ ወራት አሠቃይቶ ነው የወሰደው። እናቱ እማማ ብርቅዬ የሚኖሩት ሙጃ ከተማ ነው፤ ያኔ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አላስታመሙትም፣ ለቀብሩም አልደረሱም። በስልክ "ከሳብኝ ወይ?" ሲሏት "ኧረ ደህና ነው" ትላቸው ነበር። ሲሞትም "ድንገት ነው፣ አልተሠቃየም" አለቻቸው። ሴትዮዋ በዚያ ተጽናንተው ኖሩ።

ዘንድሮ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ያረፉ አባላቱን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሊያስብ ተነሳ። ስላይዱን ማኅሌት ትሥራው፣ ፎቶውም ሁሉም ሥራ ላይ ሳሉ የተነሱት ይሁን ተባለ። እንግዶቹን ፎቶ ሲያነሳ የኖረው ኢያቄም ሥራ ላይ የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ተገኘ። ለመጨረሻ ጊዜ እንግዳ የወሰደ ዕለት ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ጉንጩ ገብቷል፣ ኮቱ የተዋሰው ይመስል ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። እማማ ብርቅዬ ደግሞ እመጣለሁ ብለዋል።

ማኅሌት ፎቶውን ስላይዱ ላይ አስቀምጣ አየችው። ከዚያ ማውዙን ጎኑ ላይ አድርጋ ጎተተች። ጉንጩ ሞላ፣ ትከሻው ሰፋ።

"አንቺ፣ ጥጉን እንጂ" አልኳት።

"ይሁን። እሳቸው ከስቶ አያዩትም" አለች፤ የኮፒ ዋጋ የምትናገር ነው የምትመስለው።

በመታሰቢያው ቀን እማማ ብርቅዬ ከፊት፣ ማኅሌት ኮምፒዩተሩን ይዛ ከጎናቸው ተቀመጡ። ኢያቄም ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ። እናትየው ምርኩዛቸውን ይዘው ብዙ አዩት።

"ማኅሌትዬ፣ ይሄ ማነው?"

"ኢያቄም ነው፣ እማማ።"

"የኔ ልጅ አንገቱ መለሎ ነው። ምን ዋጠው አንገቱን?"

እኔ ከኋላ ሆኜ ምነው ባይጠይቁ እያልኩ በገንኩ።

"ልጄ፣ እውነተኛውን አሳዪኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ማኅሌት ወደ ኮምፒዩተሩ አጎነበሰችና ፎቶውን ወደ ነበረበት መለሰችው። በግራና በቀኝ ጥቁር ሆነ፤ መሐል ላይ ኢያቄም አጥንቱ ወጥቶ ቆመ። እማማ ብርቅዬ ተነሥተው ግድግዳው ድረስ ሄዱ፣ ጉንጩን በመዳፋቸው ነኩት፣ ተመልሰውም አጠገቧ ቁጭ አሉ።

"እንዲህ ሆኖ ነው ብቻሽን ያስታመምሽው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ደግሞ እኔን ታጽናኚኝ ነበር።"

ማኅሌት ያን ጊዜ አለቀሰች። ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ ጥላ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ወደሚቀጥለው ስላይድ የሚያሳልፍ ሰው አልነበረም፤ ኢያቄምም እንደከሳ ግድግዳው ላይ ቆየ።