ከግርጌ የተጨመረችው ዐረፍተ ነገር

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል። ነጫጭ ፍሬዎቹ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ይታዩ ነበር። ከማስተምርበት ክፍል ጠመኔ እንደያዝኩ ነው ያወጡኝ፤ እጄን የታጠብኩት በሁለተኛው ቀን ነው።

ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ ብራና የሚጽፉ፣ ቁም ጸሐፊ የሆኑ መሪጌታ። በምን እንደታሰሩ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ግማሹን ለቀቁልኝ።

«አንተስ ልጄ፣ በምን መጣህ?»

«በስድብ» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሲጣሉ «ኢዲየት!» ይባባላሉ፤ በአማርኛ ከመሳደብ የሠለጠነ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም! አንድ ቀን ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ምንጩን ነገርኳቸው። ከግሪክ የመጣ ነው። መጀመሪያ ስድብ አልነበረም፤ ሹመት የሌለው፣ የግል ኑሮውን የሚኖር ሰው ማለት ነበር። አገሬው ተሰብስቦ ሲመክር እሱ «ምን አገባኝ» ብሎ ቤቱ የሚቀር። ቆይቶ ያልተማረ ማለት ሆነ፤ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ አገር ሲገባ ጭራሽ ደደብ ሆኖ አረፈው። ልጆቹ ሳቁ፣ ደወል ተደወለ፣ ወጣን።

አንዲት ተማሪዬ ግን ማስታወሻዋን ስትጨርስ ከግርጌ የራሷን ዐረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ታዲያ ዝም ያልን ሁሉ እነማን ነን?» ያ ገጽ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከተማውን ዞረ። ስም የለበትም። በታሰርኩ ማግስት መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋልኝ ግን እጅ ጽሑፉን ገና ከሩቅ ለየሁት፤ ፊደሎቿ ነፋስ እንደመታው ጤፍ ወደ ግራ ያዘነብላሉ።

«የላይኛውን አንተ እንዳስተማርከው እናውቃለን» አለ መርማሪው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። «እሱ ግድ የለም። የታችኛዋን የጻፈው ማነው?»

«አላውቅም።»

«መምህር፣ በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እዚህ ግን ይገባል። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት። ስም ካጣን ተማሪዎችህን በሙሉ እናመጣቸዋለን።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ፈርቼ ነበር። ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ የሁለት ልጆች አባት፣ እሷ አንዲት ተማሪ፤ እንዲህም አስቤአለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለመሪጌታ ከስሟ በቀር ሁሉንም አጫወትኳቸው። «እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ» አልኳቸው። «ግን እስቲ ጻፍ ይሉኛል፤ እጄ ያጋልጠኛል።»

መሪጌታ የመሬቱን አቧራ በመዳፋቸው ደለደሉና «ልጅቱ እንዴት ነው የምትጽፈው? አሳየኝ» አሉ።

እኔ እንግዲህ ኮራጅ ሳሳድድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንቱን ወረቀት ቀድጃለሁ፣ ስንቱን ከፈተና አስወጥቻለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዬን እጅ ስኮርጅ ዋልኩ። መሪጌታ ፋታ አልሰጡኝም።

«ቅርጹን አትከተል፣ ቅርጽ ያታልላል። ልጅቱ ችኩል ናት፤ ብዕሯን ሳታነሳ ነው የምትሄደው። ቸኩል!»

ቸኮልኩ።

«አሁንስ ምንድነው ይሄ? ፊደልህ ሁሉ ተገትሮ ያስተምራል። አስቀምጠው እንጂ!»

ሳቅሁ። በዚያ ቤት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ኮቴ በሰማን ቁጥር አቧራውን እናብሳለን፣ ሲያልፍ እንደገና እንጀምራለን።

ጠዋት ጠሩኝ። «ገጹም የኔ ነው፣ የታችኛዋም የኔ ናት» አልኩ። መርማሪው አልተገረመም። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ።

«ጻፋታ።»

ጻፍኳት። መሪጌታ እንዳሉኝ ቸኩዬ፣ እስክሪብቶውን ሳላነሳ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ረዥም ጊዜ አያቸው። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል፤ ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

«ትምህርት ቤት ሰው ልኬ ያንተን ጽሑፍ ማስመጣት እችላለሁ» አለ።

«ይችላሉ።»

«አንተ ነህ ማለት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ወረቀቶቹን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። አምኖኝ ይሁን ሰልችቶት እስከ ዛሬ አላውቅም። አምስት ወር ቆየሁ። ከተማሪዎቼ ማንንም አላመጡም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ መሪጌታ የሉም። ጋቢያቸው ተጣጥፎ እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጠባቂውን ወዴት ወሰዷቸው ብዬ ብጠይቀው፣ «የትኛው መሪጌታ?» አለኝ። ከተፈታሁ በኋላ አገሬ ብለውኝ ወደነበረው ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄጄ አጠያየቅሁ፤ አየሁ የሚል አላገኘሁም። ጋቢው ቤቴ አለ፤ አንድ ቀን ይመጡበታል እያልኩ አጥባለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ደምበጫ መናኸሪያ አንዲት ወጣት ሴት «ቲቸር!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሷ ናት። እሷም እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆናለች። ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ብርጭቆዋን እያዞረች «ያኔ የታሰሩት በኔ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ በፍጹም! በገዛ አፌ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያመነችኝ አይመስለኝም። «እኔም ያንን ቃል አስተምረዋለሁ» አለች፤ «ምንጩን ጭምር።»

ኮራሁባት። ወዲያው ደግሞ ፈራሁላት፤ ያ ፍርሃት እስካሁን አለቀቀኝም። ተይው ልላት አፌን ከፈትኩና አልቻልኩም፤ በምን አፌ!

«ስንት ተማሪ አለሽ?» አልኳት።

«ስልሳ ሁለት።»

«የስልሳ ሁለቱንም እጅ ጽሑፍ ልመጂ።»

«ዛሬም ከኮራጅ ጋር ነዎት!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።