ከከርከሮው ምት የተረፈችው

ሹሄይ መጀመሪያ ልብ ያለው የሴትየዋን አውራ ጣት ነው። በግራ እጇ የደረቀ አንሶላ ትዳብሳለች፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ግን ባዶው ጠረጴዛ ላይ ክብ ይሠራል። አይቸኩልም፣ አይቆምም። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ይዞራሉ፣ ጣቷም አብሯቸው ይዞራል። የትኛው የትኛውን እንደሚያዞር ለመለየት ያስቸግር ነበር።

በሳምንቱ የቆሸሸ ልብሱን ተሸክሞ ሲመለስ ምክንያቱን አየ። ጣቷ ሥር በመዳፍ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ነበረች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ በብስክሌት ሜዳ ትዞራለች፤ ከኋላዋ ቅርጫት ውስጥ እንቁላል አለ። በዚህ የአውሬ ፍልሚያ ጌም እንቁላል የሚፈለፈለው ረጅም መንገድ ይዘውት ሲዞሩ ነው። ሹሄይም ከልጅነቱ ጀምሮ ይጫወተዋል።

«ምን እያስፈለፈሉ ነው?» አላት።

«ከርከሮ» አለች ቀና ሳትል። «ሦስተኛው ማድረቂያ ባዶ ነው፣ የኔታ። አምስተኛውን እንዳትነካ፤ ካልሲ ይበላል።»

መምህር መሆኑን ማን እንደነገራት አልጠየቀም። የታመመ መምህር ተክቶ ለበረዶው ወራት ብቻ የመጣ ሰው በዚያች የወደብ ከተማ የሚደበቅበት ጥግ የለውም።

ስሟ ኪኑዬ ነው። ሃምሳን ተሻግራለች። በወጣትነቷ ማንኪያና ሹካ የሚወለወልበት ፋብሪካ ስትሠራ የቀኝ እጇ አንጓ ተጎድቶ፣ ዛሬም ብርድ ሲጠና ያብጣል። ከዚያ ወጥታ ከባሏ ከሴይጂ ጋር ሰው ሳንቲም ከትቶ ልብሱን የሚያጥብበትን ይህን ቤት ከፈተች። ቤቱ አይዘጋም። ሰው ባይኖርም መብራቱ ይበራል፤ የሆነ ሰው ጥሎት የሄደ አንድ ሸሚዝ ማድረቂያው ውስጥ ብቻውን ክንዱን እያነሳ ይወድቃል።

ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ አሻንጉሊት መሸጫው ሱቅ ፎቅ ላይ የፍልሚያ ውድድር አለ። ኪኑዬ ወንዶቹ መካከል መሐረቧን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትቀመጣለች። ሌላው በአስማት የሚመቱ፣ እሳትና መብረቅ የሚተፉ አውሬዎች ያሰልፋል። እሷ ግን በክንዱ የሚመታ ብቻ ነው የምትወደው፤ ከእነዚያም መካከል ማንም የማይነካውን የድንጋይ ከርከሮ።

«እትዬ ኪኑዬ፣ ከርከሮው ዛሬም ተኝቶ ነው የመጣው?» ይሏታል።

«ተኝቶ ነው። አንተን ሲያይ ይነሣል።»

ከርከሮው ቀርፋፋ ነው። ሁሉም ቀድሞ ይመታዋል። ሁለት ምት አይችልም፤ አንዱን ግን ይችላል። አንዱን ከቻለ በኋላ ግንባሩን ደፍቶ ሲመጣ፣ ከፊቱ የሚቆም እምብዛም የለም።

«ጉልበት ሦስት ቦታ ነው የሚቀመጠው» ትለዋለች ለሹሄይ፣ ልብሱ እስኪደርቅ። «አንዱ ደም ነው፤ ይዞት ይወለዳል። አንዱ ጠባይ ነው፤ ቁጡ ካልሆነ ክንዱ አይከብድም። ሦስተኛው ልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ አንድ ከረጢት ነው። ለክንድ ካፈሰስከው ለእግር አይተርፍም፤ ለእግር ካፈሰስከው ለቆዳ። ክንድ ለመምታት፣ እግር ለመቅደም፣ ቆዳ ምት ለመቋቋም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሁሉንም ለክንድ። ከላዩ ደግሞ ቀዩን መታጠቂያ አስርለታለሁ፤ ምቱ ይብሳል።»

ጠባያቸው የማይሆን ሆኖ የተፈለፈሉትን ሌሎች ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ይለቋቸዋል። ኪኑዬ አትለቅም። «ሲለቀቁ የት እንደሚሄዱ አይታወቅም» ትላለች፤ ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። በጭፍን ልውውጥ ትሰዳቸዋለች፦ አንድ አውሬ ትልካለህ፣ ከማታውቀው ሰው፣ ከማታውቀው አገር አንድ ይመጣልሃል። ማን እንደላከው አይነግርህም። ቢያንስ ሰው እጅ ገብተዋል ብላ ታስባለች።

አንድ ከሰዓት ኪኑዬ ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ስትገባ ሹሄይ በተከፈተው በር አየ። መሬት ላይ ትንሽ የእንጨት ትሪ ነበረች፤ ክዳን ያለው የሩዝ ሳህን፣ የአኩሪ አተር ሾርባ፣ ሁለት ቁራጭ በጨው የኮመጠጠ ቢጫ ራዲሽ፣ ቾፕስቲክ። ትሪዋ ፊት ለፊት ማንም ያልተቀመጠበት ትራስ።

«መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው» አለች ዓይኑን ተከትላ።

ሹሄይ ልማዱን ያውቀዋል። የርሱም አያት መርከብ ላይ ለሚሠራው ልጃቸው እንዲህ ያቀርቡ ነበር። ቆይቶ ክዳኑ ይነሣል፤ ከሥሩ የእንፋሎት ጠብታ ካለ መንገደኛው በሕይወት አለ። ለሙት ይህ አይቀርብም፤ ሙት የራሱ ቦታ አለው።

ሴይጂ የሄደው በየካቲት አንድ ጠዋት ነው። የሚነዳውን የመጠጥ ማከፋፈያ መኪና ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ካፖርቱንና የጌም መጫወቻውን ይዞ ወጣ። እንዲህ ለሚሄድ ሰው እዚያ አገር «ተነነ» ይላሉ። አይፈለግም፤ መፈለግ እሱንም ፈላጊውንም ማዋረድ ነው። ኪኑዬ ሰባት ዓመት ሩዙን ስታቀርብ ኖረች።

«ክዳኑ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ ሹሄይ፤ ወዲያው መጠየቁ ቆጨው።

«ከመከር ጀምሮ ደረቅ ነው።» ሻዩን አቀበለችው። «ሩዙ ያው ነው፣ እሳቱም ያው ነው። ክዳኑ ብቻ ይደርቃል።»

በዚህ ምክንያት ነበር የባሏ ታላቅ ወንድም ሚትሱኦ ‹ሞቷል እናስብለው› እያለ ለዓመታት የለመናትን እሺ ያለችው። ለቤተሰብ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱም አስታወቀ፦ ሴይጂ በሕይወት ስለመኖሩ የሚያውቅ ሰው እስከ ጥር መጨረሻ ይናገር። የተናገረ ከሌለ ሞቷል ይባላል። ያን ጊዜ ቤቱ ይሸጣል፣ ኪኑዬ ደቡብ ወዳለችው እህቷ ትሄዳለች፤ በረዶ ወደማይጠረግበት፣ ብርቱካን ደጅ ላይ ወደሚበስልበት። ዕቃዋን በካርቶን ማሰር ጀምራ ነበር። ጥርም ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ማጭድ የሚሏትን አውሬ ሹሄይ ያመጣት ያን ሰሞን ነው። በጭፍን ልውውጥ የደረሰችው ባለ ማጭድ ክንድ ፌንጣ ናት። የዚህች አውሬ አሠራር ልጅም ያውቀዋል፦ ስስ ስለሆነች ከረጢቷ ለክንድና ለእግር ይከፈላል፤ ቀድማ ደርሳ ቀድማ ትቆርጣለች። የዚህችኛዋ ግን እግሯ ተቀንሶ ወደ ቆዳዋ ተገልብጧል። የተጨመረው ቆዳ የተለመደ ተጋጣሚን ለመቋቋም አይበቃም፣ ሳያስቡት የፈሰሰ ነው እንዳይባል ደግሞ ይበዛል።

«ማን ነው ያበላሻት?» ብላ ሳቀች ኪኑዬ። «ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ሰካራም።»

«ያስፈለፈላት ሰው ስም ‹አአአአ› ይላል።»

«ስም መጻፍ የታከተው ነዋ። የአገሩ እኩሌታ እንዲህ ነው። መቼ ተፈለፈለች?»

«ባለፈው ወር።»

«በል አምጣት። ከርከሮዬ ሥርዓት ያስተምራት።»

መጫወቻዎቹን አገናኙ። ማጭዷ ቀድማ መታች፤ ከርከሮው ተንገዳገደና ቆመ። ከዚያ ግንባሩን ደፍቶ መጣ። ሹሄይ አውሬዋ ስትወድቅ ለማየት ተዘጋጅቶ ነበር። የሕይወቷ መስመር ወረደ፣ ወረደ፣ ቀላ፤ ጫፉ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ቆመ። ማጭዷ ቆማለች። ተራዋ ነበርና ሁለተኛ ቆረጠች። ከርከሮው ወደቀ።

«ዕድል ነው» አለች ኪኑዬ። «ምት አንዳንዴ ይሳሳል። ድገም።»

ደገሙ። የከርከሮው ግንባር በዚህኛው ዙር ሊሆን ከሚችለው ሁሉ ከባዱ ነበር፤ መጫወቻዎቹ በእጃቸው ውስጥ ተንቀጠቀጡ። መስመሩ ወርዶ ያው ክር ላይ ቆመ። ማጭዷ ቆማለች።

ሦስተኛውን ማንም ድገም ሳይል ጀመሩት። ያው ሆነ።

ሹሄይ በሐሳቡ የሚያውቃቸውን አውሬዎች ሁሉ አንድ በአንድ ከፊቷ አቆማቸው። የዘንዶው ጥፍር ቆዳዋን አልፎ ይሄዳል። ለጎሹ ርግጫ ይህን ያህል አያስፈልጋትም። ያ የማይረባ የመሰለው ትርፍ የተለካው ለአንድ ምት ብቻ ነው፤ ለቁጡ የድንጋይ ከርከሮ፣ ሁሉን ለክንድ ላፈሰሰ፣ ቀይ መታጠቂያ ለታጠቀ። እንዲህ ያለ ከርከሮ የሚሠራ ሰው ከዚህች ሴት በቀር አይቶ አያውቅም። መጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ» አለ፣ «ውድድር ላይ ያየዎት ሰው ይሆን?»

ኪኑዬ ከስክሪኑ ዓይኗን አላነሣችም። «ከሴይጂ ጋር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንጫወተው» አለች። «እሱ ሁልጊዜ ማጭድ ነው የሚያመጣው። እኔ ሁልጊዜ በአንድ ምት እጥላታለሁ። ‹አንድ ቀን ትቆማለች› ይለኝ ነበር። ‹ስትቆም ቀስቅሰኝ› እለዋለሁ።» ስክሪኑን በጣቷ ነካ አደረገችና፦ «ይሄው ቆመች።»

«አጋጣሚም ሊሆን ይችላል።»

«ይሆናል» አለች። ድምፅዋ የተስማማ ሰው ድምፅ ነበር። ግን ተነሥታ ካፖርቷን ከሚስማሩ አወረደች።

ሚትሱኦ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ታቅፎ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«የት ነው?»

«ፍርድ ቤት፣ ጋሼ። የማውቀውን ልነግራቸው።»

«ምን ታውቂያለሽ? ጻፈልሽ? ደወለልሽ?»

«አልጻፈም።» ወደ ጠረጴዛው በአገጯ ጠቆመች። «እቺን ሠርቷል።»

ሚትሱኦ ስክሪኑን አጎንብሶ አየ። ቀና ብሎ ሹሄይን አየ፤ የጥፋቱ ባለቤት እሱ እንደሆነ ሁሉ። «ለዳኛው ‹ፌንጣ አየሁ› ልትይው ነው?»

«አዎ።»

«ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ኪኑዬ፣ አራት ቀን ነው የቀረሽ። እህትሽ ክፍል አጽድታ ትጠብቅሻለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ላላሰበሽ ሰው ነው ይህን ሁሉ የምትጥዪው?»

«አስቦኛል» አለች ኪኑዬ። «እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የት እንዳለሁ ሳይጠይቅ፣ በላች ጦሟን አደረች ሳይል፣ ክንዴን ብቻ ሲለካ ኖሯል።»

«እንግዲያ ይሙት በቃ። በወረቀት ይሙትና አንቺ ኑሪ።»

መሐረቧን ጠመጠመች። ማሽኖቹ ይዞራሉ። ከአምስተኛው ማድረቂያ ውስጥ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ብረቱን ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ይመታል።

«ሞቷል ተብሎ ከተጻፈ በኋላ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሌላ ማጭድ ብትመጣልኝስ? ያን ጊዜ እንቁላሉን የሚያዞረው ማን ነው ልበል?»

ሚትሱኦ ካርቶኖቹን ከግድግዳው አስደግፎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ፤ አንዱን ጣት፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሹሄይ ሲያየው ሰውየው ወንድሙን የሚመስል ይሆን ብሎ አሰበ። ሴይጂን አይቶት አያውቅም። ሆኖም ከዚያ ቀን በፊት የለም ብሎ ያሰበው ሰው አሁን ከሁሉም ይልቅ የቀረበ መሰለው፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነ መስኮት ሥር፣ አውራ ጣቱን እያዞረ።

እሷን ተከትሎ እስከ ደጁ ወጣ።

«አያምኑዎትም» አላት።

«ማመን የእነሱ ፈንታ ነው። የሚያውቅ ይናገር ነው ያሉት። እኔ አወቅሁ።»

«ደቡብስ? እህትዎ?»

«ትቆጣለች። መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ከዚያ ብርቱካን በካርቶን ትልክልኛለች።» ጃንጥላዋን ዘረጋች። «ልብስህን አውጣ፣ የኔታ። ሰው ይጠብቃል።»

ሹሄይ ዘወር ብሎ አየ። ቤቱ ውስጥ ከሚትሱኦ በቀር ማንም አልነበረም።

ፊቱን ሲመልስ ኪኑዬ መንገድ ጀምራለች። በመንገዱ መሐል ከተቀበሩት ቧንቧዎች ለብ ያለ የጉድጓድ ውሃ እየፈነጠቀ በረዶውን ያቀልጣል፤ አስፋልቱ በውሃው ዝገት ቀልቷል፣ ከላዩ እንፋሎት ይነሣል። ወደ ባቡር ጣቢያው በዚያ ቀይ መሥመር ዳር ዳሩን ሄደች፤ የታመመ እጇን ኪሷ ውስጥ አድርጋ፣ እንደ ከርከሮዋ ሳትቸኩል። እንፋሎቱ መጀመሪያ እግሯን ሸፈነ፣ ከዚያ ወገቧን። ጃንጥላዋ ብቻውን ጥቂት ከሄደ በኋላ እሱም ጠፋ።