በልጁ ፈንታ የቆሙት የኔታ

ፊደል ያልቆጠርሁ ሴት በትምህርት ቤት ነገር ምን ጥልቅ አደረገኝ? «ሀ»ን ከአህያ ጆሮ የማልለይ እኔ፣ የሰው ልጅ የት ይማር ብዬ ከሰው ስጨቃጨቅ ከረምሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ያልገባሽበት የቁስቋም ሠርግና ሙግት የለም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ግን ባልገባበት ኖሮ የኔታ ቢያድግልኝን እንዲህ አላውቃቸውም ነበር።

የኔታ አረፉ። በቁስቋም ማርያም ክብረ በዓል ማግስት፣ ጠዋት፣ ከመደባቸው ሳይነሡ ቀሩ። እሳቸው ያስተማሯችሁ በየአገሩ አላችሁ፤ ወሬው ያልደረሳችሁ ትኖራላችሁ ብዬ ነው ይህን የማስጽፈው። የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ስጦታው ነው። ነገሩ የሱም ስለሆነ፣ አንድ ቃል እንዳያስቀርብኝ በማርያም አስምዬዋለሁ።

የኔታ ቄስ አልነበሩም፤ ደብተራ ናቸው። ከቁስቋም ቅጥር ሥር፣ ከወይራው ጥላ ተቀምጠው ፊደልና ዳዊት፣ ለበረታውም ዜማ ሲያስተምሩ አረጁ። አለንጋ ነበረቻቸው፤ ዝንብ ማባረሪያ ነበረች። «የፈራ ልጅ ድምፁ አይወጣም» ይሉ ነበር። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ሲታመም ጋቢያቸውን አልብሰውት ራሳቸው በነጠላ ያድሩ ነበር። ብርድ አይደል ወይ ብዬ ስቆጣቸው፣ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ብርዱ ለምዶኛል» ብለው ይስቁብኛል።

የኔ ጣጣ እንዲህ ነው። ስጦታው ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ያዘው። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጡት እንቢ አለ። ልጄ አስናቁ ታለቅሳለች። እኔ ከቁስቋም ደጅ ሮጥሁና ተደፋሁ። «እመቤቴ፣ ይህን ልጅ ካተረፍሽልኝ ደጅሽ ይደግ፣ ያንቺ ተማሪ፣ ያንቺ አገልጋይ ይሁን» ብዬ ተሳልሁ። ልጁ ዳነ።

ከፍ ሲል ከየኔታ ገባ። ዳዊቱን ጨረሰ፣ ዜማ ጀመረ። ድምፁ ሸጋ ነበር፤ ዛሬ አትስሙት፣ ተበላሽቷል። የኔታ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁመውኝ፣ «ድጓዬን ለዚህ ልጅ ትቼለት ብሞት አይቆጨኝም» አሉኝ። የዜማ መጽሐፋቸውን ማለታቸው ነው፤ ከእሷ ሌላ ሀብት የላቸውም። እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም።

አባቱ ወንድይራድ ግን ሌላ ያስባል። ከማክሰኝት በበቅሎ እህል እየጫነ ይነግድ ነበር። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ማኪናው በዛ፤ እሱ በበቅሎው አቧራ ሲቅም ማኪናው ቀድሞት ገበያውን ይበላበታል። «ልጄ እኔን አይሆንም፣ አስኳላ ይገባል» አለ። እኔ ስለቱን አነሣሁ፤ ልጁ ይሞታል አልሁ። አስናቁ ከመሀል ሆና አንዴ ወደሱ አንዴ ወደኔ ታያለች። ወንድይራድ ጨዋ አማች ነው፤ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ፣ «እናቴ፣ እርስዎ የተሳሉት በልጄ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

 

በል እንግዲያ የኔታ ይፍረዱን ብዬ እየጎተትሁ ወሰድኋቸው። እንደሚፈርዱልኝ አልተጠራጠርሁም፤ ተማሪው የሳቸው፣ ስለቱ የደብራቸው። የኔታ ሁላችንንም ሰሙና ሳይፈርዱ ሰደዱን። ልማዳቸው ነው። ወላጅ ምክር ሲጠይቃቸው ልጁን ከትምህርት ጉባኤው ውጭ ሳያዩ አይናገሩም። «እዚህ ሲቀመጥ እኔን ነው የሚመስለው፤ ሜዳ ሲወጣ ራሱን ይመስላል» ይላሉ።

ጥምቀት ደርሶ ነበርና ተማሪዎቹን ይዘው ወደ ቀሐ ወንዝ ወረዱ፤ የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ከወንዙ በቦይ ውሃ እየገባለት ነበር። ሌላው ይዘምራል፣ ይራጫል። ስጦታው ከቦዩ ዳር በሆዱ ተኝቶ ጭድ ጣል እያደረገ ይከተላል። የኔታ አጠገቡ ቢቀመጡ በጥያቄ አጣደፋቸው፤ ወንዙ ከታች፣ ገንዳው ከዚህ፣ ውሃውን የሚገፋው ማነው፣ ገንዳው ሲሞላ ውሃው የት ይሄዳል። እስኪመሽ ታቦት ማረፊያውን ቀና ብሎ አላየም አሉ።

በማግስቱ ከቤታችን መጡ። ቆመው ነው የተናገሩት።

«ወንድይራድ፣ ልጁን አስኳላ አግባው። የጠየቀኝን አላውቀውም። የሚያውቅ አለ ይባላል፤ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ።»

ወንድይራድ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ተነሣሁ። «ምነው የኔታ? ድጓዎን ማን ይውረሰው?» አልሁ።

«እሱ የኔ ጉዳት ነው፤ በልጁ ላይ አልጭነውም።»

«ስለቱስ? ቢሞትብኝስ?»

«ስለት መፍታት የቄስ ነው። መሸከም ግን አልተከለከልሁም። ስጪኝ። በልጁ ፈንታ እኔ ደጇ እቆማለሁ።»

ሽማግሌ ሊያጽናናኝ ነው አልሁ። ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ደጅ ቆመው የለም ወይ፣ አሁን ምን ሊጨምሩ ነው ብዬ በሆዴ አማሁ። እሳቸው ግን ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ የልጁን እጅ ይዘው፣ በከተማው መሀል አቋርጠው አስኳላው በር አደረሱት። ካህናቱ አኮረፏቸው፤ ተማሪ ያሸሻሉ ተባሉ። «እናት ልጇን የሰጠችኝ ለልጇ ብላ ነው፣ ጉባኤዬ እንዲሞላ አይደለም» ብለው መለሱላቸው። ደግሞ ሁሉን ወደዚያ ሰደዱ እንዳትሉ። ሌላውን ተማሪያቸውን፣ ጥበቡን፣ አባቱ ወደ አስኳላ ሲጎትተው፣ ይህ የዜማ ልጅ ነው ብለው ለምነው አስቀርተውታል፤ ዛሬ መሪጌታ ነው፣ ድጓቸውም ከሱ ዘንድ ናት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የቁስቋም ዋዜማ ሲሆን፣ በቤቴ በኩል ያልፉና በማኅሌት የሚደገፉባትን መቋሚያቸውን ከደጄ ያስደግፋሉ። «ጠብቂልኝ፣ በበዓሉ ማግስት እወስዳታለሁ።» እኔም፣ ሚስትዎን እኔ ዘንድ ማሳደር ምን ይሉታል እያልሁ እቀልዳለሁ። «በበዓሉ ግፊያ ነው» ይሉኛል። ሌባ ፈርተው መሰለኝ። ጉልበታቸው አብጦ ግድግዳ ይዘው በሚሄዱበት ዓመትም ትተዋት ሄዱ።

ዘንድሮም አስደገፏት። ሊወስዷት አልመጡም።

በቀብራቸው ላይ መሪጌታ ጥበቡ ነገረኝ። ሌሊቱን ሙሉ በሚቆመው የቁስቋም ማኅሌት ሁሉም በየመቋሚያው ሲደገፍ፣ የኔታ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚቆሙት። ቢሰጧቸው አይቀበሉም። «ይህ መቆም የኔ አይደለም፣ የአንድ ልጅ ነው» ይሉ ነበር አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ።

ስጦታው ይኸው አልሞተም። ውሃ በቧንቧ ከሚያመጡት ጋር ይሠራል፤ ቤታችን ግን ቧንቧ አላስገባም፣ ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ። አሁን ብዕሩን አስቀምጦ መቋሚያዋን ያያል።

የኔታ፣ እኔ በአፌ የጫንሁትን እርስዎ በጉልበትዎ ተሸከሙልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላሉኝም። ሳሾፍብዎት ይስቁ ነበር፤ ምነው አንዲቱን ዓመት እንኳ ቢነግሩኝ? እንግዲህ ይቀመጡ። እመቤታችን ወንበር ትስጥዎ፣ ጉልበትዎን ያሳርፉ። ልጁ ደኅና ነው።

ይህ ተጽፎ ሲያልቅ ለጎረቤቴ ለጥሩነሽ አስነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ደጄ ላይ የተደገፈችውን መቋሚያ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የተሳልሽው አንቺ፣ የቆሙት እሳቸው። ከርሞ የሚቆምልሽ የለምና ራስሽ ቁሚ፤ ጉልበቴን አመመኝ እንዳትይኝ።»