ጎረቤት ያጣ ሙሽራ

ባለጎማውን ቤት ያገኘነው የመንገድ ሥራው ዲላን አልፎ ሲሄድ ፈረንጆቹ ከጣሉት ቁርጥራጭ ብረት መሃል ነው። አንዱ መስኮት አይዘጋም፣ ሌላው አይከፈትም። ግን ጣራ አለው፣ አልጋ አለው፣ ከመኪና ኋላ ሲታሰር ይሄዳል። በጃንሆይ ዘመን ዲላ የተመደብን ሦስት ወጣት አስተማሪዎች ነበርን። የቤት ኪራይ ከምንከፍል ብለን ትምህርት ቤቱ ጓሮ አቁመነው እዚያው እንኖር ነበር፤ ጎረቤታችን የተማሪዎች ሽንት ቤት ነው። ከመካከላችን አንዱ ካጎቱ የተረፈ ላንድሮቨር ስለነበረው፣ ትምህርት ሲዘጋ ቤታችንን ጎትተን እስከ ገደብ ከተማ ድረስ አገሩን እንይ ተባለ። በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ቤት እየጎተቱ አገር ማየት የማን ሐሳብ እንደነበረ እስከ ዛሬ እንጨቃጨቃለን። የኔ አልነበረም።

ሥራ ስንከፋፈል ነው ነገሩ የተበላሸው። ባለመኪናው ይነዳል፤ በማይነዳበት ሰዓት ይተኛል። ሌላው ጓደኛችን፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ዓይነ አፋር ነው፤ በዚያ ላይ አቧራ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ውስጡን ይጠርጋል፣ ያበስላል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል፤ ከበር አይወጣም። ውሃ መቅዳት፣ እሳት መጫር፣ ጎመን መግዛት፣ «እዚህ ብንቆም ይፈቀድልናል?» ብሎ የሰው ደጅ መጥናት የኔ ሆነ። «አንተ መነጽር አለህ፣ ሰው ያምንሃል» አለኝ ባለመኪናው። ለስንፍናው ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ወናጎ ላይ ክብሪታችን ረጠበና ገል ይዤ እሳት ልለምን ሄድኩ። የቤቱ እመቤት እሳቱን ከመስጠታቸው በፊት የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ለምን እንዲህ እንደከሳሁ ጠየቁኝ። ስመለስ በአንድ እጄ ፍም፣ በሌላው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዤ ነበር።

ገደብ የደረስነው መሽቶ ስለነበር ባገኘነው ሜዳ ላይ ቆምን። ሲነጋ ሜዳው ገበያ ሆነ። ድሮም ገበያ ነበር፤ ያላወቅን እኛ ነን። ሰው ከበበን። መጀመሪያ መሬት ቀያሾች መስለናቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ አስተማሪዎች ነን ስላቸው ሁሉም ተነፈሰ። አስተማሪ ምን ይወስዳል! ዝናቡ ሲመጣ ዶሮ ሻጮቹ ዶሮዎቻቸውን ከቤታችን ሥር አስገቡና «አደራ፣ እያቸው» ብለውኝ ወደ ሌላ ጉዳያቸው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብዬ ዶሮ ስጠብቅ ዋልኩ። ሁለቱ ከበላዬ ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ሳቃቸው በወለሉ በኩል ይሰማኛል።

ስንመለስ ቡናውን በቅርብ እንይ ብለን ወደ ኮንጋ ታጠፍን። በጣም በቅርብ አየነው፤ ቤታችን ተንሸራቶ በሁለት የቡና ዛፎች መሃል ተሰነቀረ። የሰፈሩ ሰው ሊያወጣን ተሰበሰበ። ከነሱ ጋር በሚሲዮን ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ለእረፍት አባቷ ቤት የመጣች ወጣት ነበረች። የሒሳብ አስተማሪው በስንት ጊዜው ወጥቶ አካፋ ይዟል። ጥቂት አየችውና፣ «ጎማውን ከኋላው የምትቆፍረው ልትቀብረው ነው?» አለችው። አለቀለት። ቤቱ ከጭቃው ወጣ፤ እሱ አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው ቀርቶ እዚያው ሰፈር ቆመን፣ እሱ አካፋ ለመዋስ አንድ ቀን፣ አካፋ ለመመለስ ሌላ ቀን እየሄደ ሰነበተ። በመጨረሻ «ሽማግሌ ሁኑልኝ» ብሎ እግራችን ላይ ወደቀ።

እኛ ሽማግሌ! ጢሜን ከተላጨሁ ሳምንት ቢሆነኝም ያወቀብኝ ሰው አልነበረም። ባለመኪናው አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ ገባ። የልጅቷ አባት ጠርሙሱን አይተው «እኛ አማኞች ነን፤ ይሄ እዚህ ቤት አይገባም» ሲሉ፣ ዓይኑን ሳያሽ «ለቁስል ነው» አለ። ዝናብ ላይ አስቀምጦት ተመለሰ።

ጉዳያችንን ተናገርን። አባትየው ጌዴኦኛ ቃና ባለው አማርኛቸው፣ «ልጁ ቤቱ የት ናት?» አሉ።

«ውጭ ቆማለች» አለ ባለመኪናው በኩራት።

«እሷን አይቻለሁ። ጎረቤቱ ማነው?»

ባለመኪናው በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

«ዘመድ ይሸፍናል፣ ጓደኛ ይዋሻል። እኔ ልጄን ለሚጠይቅ ሰው ጎረቤቱን ነው የምጠይቅ። የናንተ ቤት ዛሬ እዚህ ናት፣ ነገ እዚያ ናት። ማንን ልጠይቅ?»

ሽንት ቤቱን ማለት አልቻልንም። «ያደርንበትን ሁሉ ይጠይቁ፣ አባባ» አልኩ። እሳቸውም ጃንጥላቸውን አንስተው በአውቶቡስ፣ በእግርም፣ ወደ ወናጎና ወደ ገደብ ሄዱ። ጓደኛችን እስኪመለሱ ድረስ የማይከፈተውን መስኮት ሲወለውል ከረመ።

ሲመለሱ ሦስታችንንም አስጠሩን።

«ወናጎ ጠየቅኩ። መነጽሩ ልጅ ጨዋ ነው፣ የሰው አክባሪ ነው አሉ። ገደብ ጠየቅኩ። መነጽሩ ልጅ ታማኝ ነው፣ አንድ ዶሮ አልጎደለችም አሉ። ስለዚህኛው ስጠይቅ» አሉ ጃንጥላቸውን ወደ ሒሳብ አስተማሪው እየቀሰሩ፣ «ሌላ ሰው ነበረ ወይ? አሉኝ። አንድ ሴት ብቻ፣ ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ሰምቻለሁ አለ።»

ጓደኛዬ አመድ መሰለ።

«እንግዲህ ልጄን ከሰጠሁ፣ የምሰጥ ለመነጽሩ ነው» አሉ።

ሳላስበው ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ተመርጬ አላውቅም።

ከጓዳው በር ላይ ልጅቷ፣ «አባዬ፣ እኔ የሚያስነጥሰው ይሻለኛል» አለች።

ቀጥ ያልኩትን ያህል ጎበጥኩ። ባለመኪናው ሳቁን ለማፈን ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ እኛን አዩ። በኋላ፣ «ቤቷን ግቢዬ አስገቡ። ጎማዋን አውልቁ። ትምህርት እስኪከፈት እኔው ጎረቤቱ እሆናለሁ፤ ከዚያ ራሴን እጠይቃለሁ» አሉ።

የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ቤታችንን እንሰቱ መሃል አስገባው፤ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔና ባለመኪናው በባዶ ላንድሮቨር ወደ ዲላ ተመለስን። ተናድጄ ነበር። ቤታችን ሄደ፣ ጓደኛችን ሄደ፣ የተመሰገንኩት እኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከዚያ ከሚያንኮራፋ ሰው ጋር ቀረሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሳኔውን ልንሰማ ኮንጋ ሄድን። ጓደኛችን ከስቶ ጠበቀን። «በየቀኑ ይመጣሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ያዩኛል፣ ይሄዳሉ። አንድም ቃል የለም» አለን።

አባትየው አስቀመጡን።

«ራሴን ጠየቅኩ» አሉ። «ይሄ ልጅ ጎረቤትነት አይችልም። እሳት አይጠይቅም፣ ጨው አይጠይቅም። በሬዬ ጠፍታ ሰፈሩ ሁሉ ሲሯሯጥ እሱ ውስጥ ሆኖ ብረት ድስት ይፈትጋል። ታሞ ተኛ፣ ለማንም አልተናገረም። ዝም ሲልብኝ ገብቼ አየሁት። የአጥንት ሾርባ ይዤ ብመለስ፣ አለቀሰ።»

ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። እኔ የማስታረቂያ ቃል ፍለጋ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ለጎረቤት አይሆንም» አሉ። «ጎረቤት ደጅ ማንኳኳት አለበት፣ እሱ አያውቅበትም። ልጄ ይሁን። ልጅ ሳያንኳኳ ይገባል፤ እኔም ሳላንኳኳ እገባበታለሁ።»

ባለመኪናው እልል አለ፣ ወንድ መሆኑን ረስቶ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትስቅ ነበር፤ ጓደኛችን የአባትየውን ጉልበት ይዞ መነሳት አቃተው። እኔ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ደስ ብሎኛል፤ ቀንቻለሁም። ከወናጎ እስከ ገደብ ጥሩ ጎረቤት ያላለኝ ሰው አልነበረም፤ ልጄ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።